የእናቴ ፎቶግራፍና የግሸን ማርያም ስለት

ደሴ በሚገኘው ቤታችን፣ ከእመቤታችን ሥዕል ሥር፣ አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ አለ። የወታደር ነርስ የነበረችው እናቴ በ1969 ዓ.ም. ወደ ምሥራቅ ጦር ግንባር ከመዝመቷ በፊት የተነሣችው ሲሆን፣ ኮፍያዋን ዝቅ አድርጋ፣ የሸሚዟን አዝራር እስከ አንገቷ ቆልፋ፣ ፈገግ ሳትል ፊት ለፊት ታያለች። የታችኛው ቀኝ ጠርዝ ግን ምስሉ ተፍቆ ወረቀቱ ብቻ ቀርቷል፤ አያቴ በጸሎት ጊዜ በአውራ ጣቷ ይዛ እየሳመችው የለቀቀ ነው። የዚያ ጸሎት ፍሬ እኔ ነኝና ልመስክር እወዳለሁ።

የሶማሊያ ጦር ጅጅጋን ከያዘ በኋላ እናቴ ሐረር ላይ ቁስለኞችን ታክም ነበር። ፋሻ ሲያልቅ በደም የራሰውን አጥበውና ቀቅለው፣ በፀሐይ አድርቀው እንደገና ያስሩበት እንደ ነበር፣ ሌሊትም በፋኖስ ብርሃን መርፌ ትወጋ እንደ ነበር ነግራኛለች። ከሁሉ ይልቅ አንጀቷን የሚበላው ጢማቸው ገና ያልበቀለ ልጆች «እናቴን ጥሩልኝ» ማለታቸው ነበር። በዚህ መካከል ተስቦ ይዟት ራሷን ሳተችና በአውሮፕላን ወደ አዲስ አበባ ተላከች። ደብዳቤዋ ተቋረጠ፤ ከግንባር የተመለሰ አንድ ቁስለኛም ሞታለች የሚለውን ወሬ ደሴ አደረሰው።

ዘመድ ተሰብስቦ ድንኳን ይተከል አለ። አያቴ ግን «ልጄን ለግሸን ማርያም አደራ ሰጥቻለሁ፤ እመቤቴ አደራ አትበላም» ብላ ከል አልለብስም አለች። በጥር 21፣ በአስተርእዮ ማርያም ዕለት፣ አምባሰል ወርዳ ያንን መስቀለኛ አምባ በእግሯ ወጣችና «ልጄን በዓይኔ ካሳየሽኝ ራሷ ተሸክማ ጥላ ታስገባልሻለች» ስትል ተሳለች። ጎረቤቶቻችን ሙስሊም እናቶችም ወዳጃ በሚባለው የጋራ ጸሎት ተቀምጠው፣ ቡና አፍልተውና ዕጣን አጢሰው፣ ስሟን እየጠሩ ዱዓ አደረጉላት። በወሎ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ሆኖም ዛሬም ሳስበው እንባዬ ይመጣል።

የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. የካራማራ ድል ሆነ፤ ዕለቱም የዐቢይ ጾም ቅበላ ነበረ። ከተማው ሲደሰት አያቴ ግን የልጇን ወሬ ሳትሰማ ጾሙን ያዘች። በጾሙ እኩሌታ እናቴ ጠጕሯ በሕመሙ ረግፎ፣ ዩኒፎርሟ ሰፍቷት፣ በደጃፉ ገባች። አያቴ ወዲያው አላቀፈቻትም፤ ፎቶግራፉን አንሥታ ከፊቷ ጋር አስተያየችና ከዚያ በኋላ ነው እልል ያለችው። እልልታውን ሰምተው መጀመሪያ የደረሱት እነዚያው ዱዓ ያደረጉላት እናቶች ነበሩ።

ስለቱ በመስከረም 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ገባ። እናቴ ጕልበቷ ገና ባይጸናም ጥላውን ለማንም ሳትሰጥ ተሸክማ አምባውን ወጣች፤ ከዚያም ጡረታ እስክትወጣ በነርስነት አገልግላ፣ እኛን ወልዳ አሳደገችን። የአያቴን ልመና የሰማ እግዚአብሔር ይመስገን፤ የእመቤታችን ምልጃም አይለየን፤ ለእናቴ እጃቸውን የዘረጉትን እናቶች ሁሉ አላህ ውለታቸውን ይክፈልልን።