በአነስተኛ በጀት የትሬይል መሮጫ ጫማ፦ እንዴት መረጥኩ፣ ገንዘቤን ምን ላይ አዋልኩ

የትሬይል ጫማ፣ ማለትም ከአስፋልት ውጭ በአፈርና በድንጋይ ላይ የሚሮጥበትን ጫማ፣ ለመግዛት ስነሳ መጀመሪያ ያየሁት የምሮጥበትን መሬት ነው፤ ዋጋው በኋላ ነው የመጣው። ከምሮጠው መንገድ ስንቱ የተረገጠ ደረቅ አፈር ነው? ስንቱ ኮረትና ድንጋይ፣ ስንቱ ጭቃ፣ ስንቱ አስፋልት? ይህን ወረቀት ላይ ማስፈር ምንም ወጪ የለውም፤ ከዚያ በኋላ ያለው ምርጫ ሁሉ ግን በዚህ ይወሰናል። አብዛኛው መንገድ ደረቅና ለጥ ያለ ከሆነ የትሬይል ጫማ ጨርሶ አያስፈልግም፤ ሶሉ ያላለቀ የአስፋልት መሮጫ በደንብ ይሠራል። ጫማው ዋጋውን የሚያወጣው መሬቱ ሲያንሸራትት፣ ሹል ድንጋይ ሲበዛና ቁልቁለቱ ሲበረታ ነው።

የእኔ መንገድ ድብልቅ ስለሆነ ዋናው ጥያቄ የሶሉ ጥርስ፣ ማለትም መሬት የሚይዙት ከሥር የወጡ የጎማ ጉብታዎች፣ ርዝመት ነበር። ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ጥርስ ያለው ጫማ አስፋልትና ጥርጊያ መንገድ ለሚያፈራርቅ ሰው ይበቃል። ከ3.5 እስከ 4.5 ያለው ለአፈርም፣ ለኮረትም፣ ለቀላል ጭቃም ይሆናል። 5 እና ከዚያ በላይ የሆነው ለጭቃና ለረጠበ ሣር የተሠራ ነው። ብዙ ሰው ጥርሱ በረዘመ ቁጥር ጫማው የተሻለ ይመስለዋል፤ አይደለም። ረጅም ጥርስ ጠንካራ መሬት ላይ ሲረገጥ ከሥሩ ይታጠፋል፣ እግር ይዋልላል፣ ጎማውም በአጭር ጊዜ ተበልቶ ያልቃል። በጥርሶቹ መካከል ያለውን ክፍተትም አያለሁ። ተራርቀው ከቆሙ ጭቃው በየእርምጃው ይራገፋል። ተጠጋግተው ከሆነ ጭቃው መሐላቸው ይሞላና ሶሉ ልሙጥ ይሆናል፤ ዋልካ ላይ ደግሞ ጫማው በየእርምጃው እየከበደ ይሄዳል። እኔ ወደ 4 ሚሊ ሜትር የሚጠጋና ክፍተቱ የእጅ ጣት ጫፍ የሚያስገባ ያዝኩ።

ጎማው ራሱ ከጥርሱ እኩል ያሳስበኛል። ለስላሳ ጎማ እርጥብ ድንጋይ ይይዛል፣ ግን ቶሎ ያልቃል፤ ጠንካራ ጎማ ዕድሜ አለው፣ ግን በእርጥብ አለት ላይ ያንሸራትታል። በጥፍሬ ጫን አድርጌ እሞክረዋለሁ፦ በትንሹ ገባ ብሎ ከተመለሰ ደህና ነው፤ እንደ ፕላስቲክ ግትር ካለ ዝናብ ባለበት ወቅት አልሮጥበትም። ቪብራም የተባለው የሶል አምራች ሜጋግሪፕ ብሎ የሚሸጠው ጎማ ያላቸው ጫማዎች በእርጥብ ድንጋይ ላይ የታወቁ ናቸው፤ በቅናሽ ከተገኙ አላልፋቸውም። ረከስ ያሉ ጫማዎች ላይ አንድ ነገር በተለይ ይታይ፦ ከሥር ሲገለበጡ ጎማው የተለጠፈው እዚህም እዚያም ሆኖ መሐሉ ላይ ፎሙ (ከጎማው በላይ ያለው ለስላሳ ንጣፍ) ራሱ መሬት የሚረግጥ አለ። አስፋልት ላይ ያ ክብደት መቀነሻ ነው፤ ድንጋይ ላይ ግን ፎሙ ይቦጫጨቃል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ዋናው የእግር ልክ ነው። እግር የማይስማማው ውድ ጫማ ከሚስማማው ርካሽ ጫማ በእጅጉ ያንሳል። የምለካው ማታ ነው፣ እግር ቀኑን ሙሉ ሲቆምና ሲራመድ ስለሚያብጥ። ወረቀት መሬት ላይ አነጥፌ ተረከዜን ግድግዳ አስነክቼ፣ ክብደቴን እግሬ ላይ ጥዬ እቆማለሁ፤ እርሳሱን ቀጥ አድርጌ ከረጅሙ ጣት ጫፍ ላይ ምልክት አደርጋለሁ። ሁለቱንም እግር፣ ምክንያቱም እኩል የሆነ እግር ብዙ የለም፤ የሚገዛው ለትልቁ ነው። ከዚያ ውስጠኛውን ተነቃይ ሶል አውጥቼ እለካዋለሁ፤ ከእግሬ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር መርዘም አለበት። እግሩ 262 ሚሊ ሜትር የሆነ ሰው ከ272 እስከ 274 ይፈልጋል ማለት ነው። በአውሮፓ ቁጥር አንድ ሙሉ ቁጥር ወደ 6.7 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ግማሽ ቁጥር እንኳ ልዩነት ያመጣል። ቁጥሩም ከኩባንያ ኩባንያ ስለሚለያይ ሁልጊዜ 42 ነኝ ብሎ መተማመን አይሠራም።

ያንኑ የወጣውን ሶል መሬት ላይ አድርጌ እቆምበታለሁ። የእግሬ ዳር፣ በተለይ በትንሿ ጣት በኩል፣ ከሶሉ ውጭ ከፈሰሰ ጫማው ጠባብ ነው። ሻጩ ሲለበስ ይሰፋል ቢልም ጨርቁ ትንሽ ይለጠጥ ይሆናል እንጂ ሶሉ አይሰፋም፤ ውጤቱ ውሃ የቋጠረ እግርና የደነዘዘ ጣት ነው። ቀጥሎ በምሮጥበት ካልሲ ጫማውን አስሬ ደረጃ ወይም ዘቅዘቅ ያለ ቦታ እወርድበታለሁ። ጣቴ የጫማውን አፍንጫ ከነካ እዚያው እመልሰዋለሁ። ጥፍር የሚጠቁረው በአብዛኛው በዚህ ነው፦ ጫማው ያጥራል፣ ወይም ተረከዙ ስላልተያዘ እግር በቁልቁለት ወደፊት ይንሸራተታል።

የተረከዙ አለመያዝ በማሰሪያ ይስተካከላል፣ ሌላ ጫማ መግዛት አያስፈልግም። ከላይ ብዙ ሰው የማይጠቀምባት ትርፍ ቀዳዳ አለች። ማሰሪያው በዚያው በራሱ በኩል ወደ ትርፏ ቀዳዳ ይገባና ትንሽ ቀለበት ይተዋል፤ በሌላው በኩልም እንዲሁ። ከዚያ የግራው ጫፍ በቀኙ ቀለበት፣ የቀኙ በግራው ያልፋል። ጫፎቹን ወደ ታችና ወደ ኋላ ሲስቧቸው ቁርጭምጭሚቱ ሥር ይጠብቃል፣ ተረከዙም ቦታውን ይይዛል፤ የእግር ጀርባ ላይ ግን ጫና አይጨምርም።

በተረከዝና በፊት እግር መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት፣ ድሮፕ የሚባለው፣ ጥሩና መጥፎ የለውም፤ የለመዱትን መያዝ ነው። ከታወቁት የትሬይል ጫማዎች አልትራ ሎን ፒክ 0 ነው፣ ሆካ ስፒድጎት እንደ እትሙ 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር፣ ሳሎሞን ስፒድክሮስ 10። ዝቅ ሲል ጫናው ወደ ባትና ከተረከዝ በላይ ወዳለው ጅማት ይሄዳል፣ ከፍ ሲል ወደ ጉልበት ያደላል። ከ10 ወደ 0 በአንድ ጊዜ መውረድ ጅማት ያስቆጣል። በሳምንታት ውስጥ፣ በአጭር ርቀት እየጀመሩ ነው የሚለመደው።

ፎሙን በተመለከተ፣ ለአነስተኛ በጀት ኢቪኤ የሚባለው የተለመደው ፎም በቂ ነው። እንደ አዲሶቹ ውድ ፎሞች አያስፈነጥርም፣ ግን ዋጋው ይቀንሳል። ድንጋይ የሚበዛበት ሰው በፊት እግር ሥር ስስ ጠንካራ ሰሌዳ ያለበትን ይፈልግ፤ ሶሉን ከሥር በአውራ ጣት አጥብቀው ሲጫኑት ግፊቱ ውስጥ ድረስ ከተሰማ ሰሌዳ የለም ወይም ፎሙ ስስ ነው። ጫማው ሲታጠፍ መታጠፍ ያለበት ጣቶች በሚታጠፉበት ቦታ ነው፤ ከወገቡ የሚሰበር ከሆነ አልወስደውም።

ውሃ የማያስገባ ሽፋን ላይ ገንዘብ አላወጣሁም፤ በዚህ ላይ ጠንካራ አቋም አለኝ። ሽፋኑ የሚያግደው ከውጭ የሚመጣውን ነው። ጅረት ሲሻገሩ ወይም ዝናቡ በእግር ሲወርድ ውሃው በአፉ በኩል ይገባል፣ ከገባ በኋላ ሽፋኑ አያስወጣውም። ተራው መረብ ጨርቅ ግን እየሮጡ ይጨምቀዋል። ብርድ በሚጠናበትና በረዶ ባለበት ቦታ የሚሮጥ ሰው ግን ጉዳዩ ከእኔ ይለያል።

ቅናሹን ያገኘሁት ካለፈው እትም ነው። አዲስ እትም ሲወጣ የቀድሞው ዋጋ ይወርዳል፤ ብዙ ጊዜ የሚለወጠው የላይኛው ጨርቅና ቀለሙ ሲሆን ሶሉ እንዳለ ይቀጥላል። ቀለም አለመምረጥም ዋጋውን ይቀንሳል። ግን ለዓመታት መጋዘን የቆየ ጫማ ማስቲሹ ደርቆ ሊሆን ስለሚችል አፍንጫውንና ጎኑን በጣት ፈልቀቅ አድርጎ ማየት ይገባል። ያገለገለ ጫማ ከሆነ የጎኑን ፎም አያለሁ፦ ጥልቅ መስመር የያዘ፣ ወይም ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ወደ አንድ ጎን የሚያዘነብል አልቋል፣ ጥርሱ አዲስ ቢመስልም። ተረከዙን ከኋላ ስጫነው የሚተኛ ከሆነም እተወዋለሁ። አስመስሎ የተሠራን ለመለየት በምላሱ ውስጥ ያለው መለያ ኮድ ከካርቶኑ ኮድ ጋር መግጠሙን ማየት ጥሩ መነሻ ነው።

ዋጋን የማወዳድረው በኪሎ ሜትር ነው። የመሮጫ ጫማ በአብዛኛው ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ያገለግላል፤ ሹል ድንጋይ ይህን ያሳጥረዋል። ዋጋው ግማሽ የሆነ ጫማ በ300 ኪሎ ሜትር ካለቀ፣ ሙሉ ዋጋ ተከፍሎበት 700 ከሚሄደው ይወደዳል።

ዕድሜውን የሚያረዝመው አያያዙ ነው። ጭቃውን በቀዝቃዛ ውሃና በብሩሽ አጥቤ፣ ውስጡን ጋዜጣ ሞልቼ በጥላ አደርቃለሁ፤ ፀሐይና ምድጃ ማስቲሹን ያላቅቃሉ፣ ፎሙንም ያኮማትራሉ። ጨርቁ መጀመሪያ የሚቀደደው በትንሿ ጣት በኩል፣ በሚታጠፍበት ቦታ ነው። ክሩ መሳሳት ሲጀምር ሳይቀደድ በፊት የሚለጠጥ ማስቲሽ ስስ አድርጎ መቀባት ብዙ ያቆየዋል። አፍንጫው ላይ ጎማው ከተላቀቀ የድሮውን ማስቲሽ በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ፣ ሁለቱንም ገጽ ቀብቶ፣ በእጅ ሲነካ የማይለጠፍ እስኪሆን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መጠበቅ፣ ከዚያ አጥብቆ ገጥሞ በላስቲክ አስሮ ማሳደር። እርጥብ እያለ ከተገጠመ በሁለተኛው ሩጫ ተመልሶ ይላቀቃል።