ሥነ ልሳን ልታጠኑ ነው? የፈቃዱን ቅጽ ቶሎ ጀምሩ

ሥነ ልሳን ተምሬ ጨርሻለሁ። ዛሬም ምረጪ ብባል ሌላ አልመርጥም። አንድ ነገር ግን ማንም ሳያስጠነቅቀኝ ገባሁበትና አንጀቴን አሳረረኝ። የምርምር ሥነ ምግባር ፈቃድ ነው፤ ስለሱ ልጻፍ።

ቀላሉን ቶሎ ልለፈው። ፎኔቲክስ፣ የንግግር ድምፆች ጥናት፣ የጆሮ ሥራ ነው። የአይፒኤን (የዓለም አቀፉን የድምፅ መጻፊያ ምልክቶች) ሰንጠረዥ ከመሸምደድ ከጓደኛ ጋር ሆናችሁ ተለማመዱት፤ አንዱ ድምፁን ያውጣ፣ ሌላው ይጻፍ። ፕራት የሚባለውን የድምፅ መተንተኛ ሶፍትዌር ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጫኑት፣ ነጻ ነው። የቀዳችሁትን ደግሞ በፊደላችን ጽፌ በኋላ ወደ አይፒኤ እገለብጠዋለሁ አትበሉ። ፊደሉ መጥበቅና መላላትን አያሳይም። ሞርፎሎጂ፣ የቃላት አመሠራረት ጥናት፣ በመሥራት ይገባል። በሲንታክስ፣ በዓረፍተ ነገር አወቃቀር ጥናት ማለቴ ነው፣ መምህራኑ ራሳቸው አይስማሙም፤ የዓረፍተ ነገሩን መዋቅር የሚያሳየውን ዛፍ ፈታኙ እንደሚወደው ሳሉና እለፉ።

አሁን ወደ ጉዱ።

የመመረቂያ ጥናቴ ተረት መቅዳት ነበር። ጥቂት ተናጋሪ ባለው ቋንቋ የሚተረቱትን ቀድቼ፣ ግሶቹ በትረካ ውስጥ የሚይዙትን ቅርጽ ልመረምር ነው። ከሰው ጋር የሚሠራ ጥናት ስለሆነ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ይጠይቃል። ይጠይቅ፣ ተገቢ ነው። የተሰጠኝ ቅጽ ግን ለሕክምና ምርምር የተዘጋጀ ነው። «ከተሳታፊው የሚወሰደው የደም ናሙና መጠን» ይላል። «አይመለከትም» ብዬ ጻፍኩ። «ያልተሟላ» ተብሎ ተመለሰ። ታዲያ ምን ልሙላ ብዬ ጸሐፊዋን ብጠይቃት፣ ከስልኳ ቀና እንኳ ሳትል «ዜሮ በይው» አለችኝ። ዜሮ ሚሊ ሊትር ብዬ ሞላሁ። አለፈ!

ይሄስ ያስቃል። የማያስቀው ቀጥሎ የመጣው ነው። ኮሚቴው እያንዳንዱ ተራች በጽሑፍ ይፈርምልኝ አለ። ማንበብ የማይችሉ አዛውንት ዘንድ ሁለት ገጽ ወረቀት ይዤ ልቀርብ ነው። ለትውውቅ የሄድኩባቸው አንድ አባት ወረቀቱን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። «ልጄ፣ ለተረት ደግሞ ምን ፊርማ አለው? ዕዳ ነው እንዴ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ እሳቸው የሚያውቁት ፊርማ የብድርና የፍርድ ቤት ነው።

ሁለተኛው፣ የተሳታፊ ስም ይሰወር የሚል ነው። ለታማሚ ትክክል ነው። ተረት አዋቂ ግን ስሙ እንዲጠራለት ይፈልጋል፤ ሥራው ነዋ! ሦስተኛው ከሁሉ የባሰው፦ ጥናቱ ሲያልቅ ቅጂዎቹ ይወገዱ። ልጆቹ መናገር ያቆሙትን ቋንቋ ቀድቼ ላጥፋው? ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፓራዲሴክን የመሰለ የቋንቋ ቅጂዎች ማኅደር እኮ የቆመው እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳይጠፋ ነው።

አማካሪዬ «ያሉሽን ጻፊና ገላገይን» አሉኝ። እምቢ አልኩ፤ ዛሬም እኮራበታለሁ። ለሦስቱም ነጥብ ለየብቻ ማብራሪያ ጽፌ አያያዝኩ። የአሜሪካን የምርምር ሥነ ምግባር ደንብ ሳይቀር ጠቀስኩ፤ 2018 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ በዋለው ማሻሻያ፣ መፈርም ልማዳቸው ያልሆነ ማኅበረሰቦች፣ ጥናቱ ጉልህ ጉዳት የማያስከትል ከሆነና ስምምነታቸው በሌላ መንገድ ከተመዘገበ፣ ፊርማው ሊቀርላቸው ይችላል። ኮሚቴው በስንት ጭቅጭቅ በድምፅ የተቀዳ ስምምነት ፈቀደ። ቅጂዎቹም ማኅደር እንዲገቡ ተስማማ። እስከዚያው ግን ከሁሉ በላይ የተማመንኩባቸው ተራች ልጃቸው ዘንድ ሊኖሩ ርቀው ሄደው ነበር። አላገኘኋቸውም። ይሄን ለኮሚቴው እስካሁን ይቅር አላልኩም።

መመሪያው መጀመሪያ ንድፈ ጥናትሽ ይጽደቅ፣ ከዚያ ለፈቃድ አመልክቺ ይላል። አትስሙት። ርዕሱ ገና ረቂቅ እያለ ቅጹን መሙላት ጀምሩ፤ ማመልከቻውንም ሰፋ አድርጋችሁ ጻፉት። በኋላ ማሻሻያ ማስገባት እንደ አዲስ ከማመልከት ይቀላል። ከትምህርት ክፍላችሁ ቀድሞ ፈቃድ ያገኘ ሰው ፈልጉና ማብራሪያውን እንዴት እንደጻፈው እዩ። ይሄ ከየትኛውም የምርምር ዘዴ ኮርስ በላይ ይጠቅማል።

ስምምነት ስትቀዱ ደግሞ ሦስት ነገር ለየብቻ ጠይቁ፦ ልቅዳዎት? ስምዎ ይጠራ? ማን ቢሰማው ይፈቅዳሉ? ቅጾቹ ሁሉንም «ተስማምቻለሁ» በሚል አንድ ሳጥን ይጨፈልቁታል። እኔ ዘንድ ለመቀዳትም ለስሙም እሺ ያሉ አንድ አባት፣ ከተረቶቻቸው አንዷን ብቻ ከቤተሰባቸው ውጪ ሰው እንዳይሰማት ብለዋል። ማኅደሩ ውስጥ ስትገባ ተዘግታ ነው የገባችው። በዚያ በአንዱ ሳጥን ቢሆን ኖሮ ይሄን የሚሉበት ቦታ አልነበራቸውም።