ቁጭ ብላ ታጫውተዋለች

ትናንት ቡና ላይ ጎረቤታችን እማማ ጠጋ አሉኝና "ይቺ ሞግዚትሽ ግን ሥራ አትወድም መሰለኝ፤ በመጣሁ ቁጥር ከልጁ ጋር መሬት ላይ ተቀምጣ ነው የማገኛት" አሉኝ። ደስ አለኝ። እሳቸው እንኳ ለወቀሳ ነበር ያነሱት።

እኔ ሥራ የተመለስኩት ልጄ አራት ወር ሊሞላው ሲል ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ (1156/2011) ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይሰጣል። ለአባት 3 ቀን። ሦስት! ለአራስ ጥየቃ የመጣውን እንግዳ ሸኝቶ ለመጨረስ እንኳ አይበቃም። ከዚያ ወዲህ ልጁ ነቅቶ የሚውልበት ሰዓት አብዛኛው የእሷ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሳሎን ሆኜ ሳዳምጣቸው ነበር። እሷ ሽንኩርት ትልጣለች። እሱ የድስት ክዳንና ማንኪያ ይዞ ፊት ለፊቷ ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል። "ባ!" አላት። "ባ? ባባ ነው የምትለኝ? ባባማ ሥራ ሄዷል" አለችው። ከዚያ ዝም ብላ ጠበቀችው። እሱም አፏን አፏን ሲያይ ቆየና "ባባባ!" ብሎ መለሰ። "እንዴ! እውነትህን ነው? እሺ ከዚያስ?" ማንኪያውን ወረወረው። "ወይኔ፣ ወደቀች!" ብላ አነሳችለት። ደግሞ ወረወረው፣ ደግሞ አነሳችለት። ሽንኩርቱ መቼ አልቆ!

እኔን የገረመኝ መጠበቋ ነው። አብዛኞቻችን ልጅ እናናግራለን እንጂ መልሱን አንጠብቅም፤ "ማነው ጎበዝ? ማነው የአባቱ ልጅ?" ብለን ጠይቀን፣ ራሳችን መልሰን፣ ጉንጩን ስመን ወደ ጉዳያችን እንሄዳለን።

በ1970ዎቹ እንደ ፈረንጆቹ ኤድዋርድ ትሮኒክ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ አንድ ሙከራ ሠርቶ ነበር። እናት ከሕፃን ልጇ ጋር ትጫወትና በመሀል ለጥቂት ደቂቃ ፊቷን ደረቅ አድርጋ ዝም ብላ ታየዋለች። ልጁ መጀመሪያ ፈገግ ይላል፣ እጁን ይዘረጋል፣ ይጮኻል፤ ሁሉንም ሞክሮ አልሆን ሲለው ፊቱን ያዞራል ወይም ያለቅሳል። እናቱ እኮ የትም አልሄደችም፣ መልስ መስጠት ብቻ ነው ያቆመችው። ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ ስልካችን ላይ አቀርቅረን የሚኖረን ፊት ነው።

ቲቪውም ያው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ፈረንጆቹ በ2019 ባወጣው መመሪያ ሁለት ዓመት ላልሞላው ልጅ ስክሪን አይመክርም፤ ከዚያ በኋላም እስከ አራት ዓመቱ በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። "እንግሊዝኛ ይለምድልኛል" ብሎ ካርቱን ከፍቶለት የሚውል ቤት ግን ሞልቷል። ቲቪው "ባ" ሲሉት አይመልስማ።

እናቴ ይህን ሁሉ ሳታነብ ታውቀዋለች። ስትመጣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ "ኩኩሉ!" ትለዋለች፣ ገለጥ ስታደርገው በሳቅ ይሞታል። የድሮው ሁሉ ጥሩ ነበር ለማለት ግን አይደለም። ትልቅ ሰው ሲያወራ ልጅ ዝም ይበል እየተባልን ያደግነው እኛው ነን።

ሞግዚታችን በፊት የሠራችበት ቤት ልጁን ስታጫውት ከተገኘች "ለጨዋታ ነው የቀጠርኩሽ?" ትባል ነበር። ልብስ ያጠበች፣ ወጥ የሠራች፣ ቤት የወለወለች ሠራተኛ ሥራዋ ይታያል። ልጅ ስታዋራ የዋለች ግን ሥራ ፈት ናት። እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ዕቃ ስታጥብ ያመሸች ልጅ ደግሞ በነጋታው ለእያንዳንዱ "ባ" መልስ የምትሰጥበትን ጉልበት ከየት ታመጣለች?

ስለዚህ እኛ ቤት ሥራ ቀንሰናል። እንጀራ ከሱቅ ነው፣ ልብስ እሁድ እኔና ባለቤቴ እናጥባለን፣ እሷም እሁድ ታርፋለች። መጀመሪያ ስነግራት አላመነችኝም። "እትዬ፣ ወጡ ሳይደርስ ቢመጡ አይቆጡኝም?" አለችኝ። አልቆጣም። ከሥራ ስገባ የምጠይቃትም "ዛሬ ምን በላ?" ብቻ ሳይሆን "ዛሬ ምን አለሽ?" ነው፤ እሷም የእሱን ድምፅ እያስመሰለች ታስቀኛለች።

ባለቤቴ ሰሞኑን ሽሮ በዛ ብሎ አጉረምርሟል። ጥብስ ካማረው ወጥ ቤቱ ክፍት ነው።