የተቃጠለውን ሬዲዮ መዝገብ ለምን አልሰርዝም

ባለፈው ዓመት ሐምሌ አጋማሽ ላይ ከጣና ሐይቅ በኩል የመጣ መብረቅ በዘጌ ቅርንጫፋችን የነበረውን ሬዲዮ አቃጠለው። ሬዲዮ ስል ዜና የምንሰማበትን ሳይሆን፣ ባሕር ዳር ካለው ዋና መሥሪያ ቤታችን ጣሪያ የሚነሣውን ሞገድ ውኃውን አሻግሮ ተቀብሎ የዘጌን ቢሮ ከኔትወርካችን ጋር የሚያገናኘውን፣ ምሰሶ ላይ የሚሰቀለውን መሣሪያ ማለቴ ነው። በማግሥቱ ባልደረባዬ በጀልባ ተሻግሮ አዲስ ሬዲዮ ሰቀለ፤ የአሮጌውን አይፒ አድራሻም ሰጠው። እኔ ደግሞ ባሕር ዳር ሆኜ በኔትወርክ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌራችን ውስጥ የተቃጠለውን መሣሪያ መዝገብ ሰረዝኩና አዲሱን መዘገብኩ። የሌለ ዕቃ መዝገብ ላይ መቆየት የለበትም ብዬ አምን ስለነበር ሥራውን በጥንቃቄ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ያጠፋሁት ነገር ምን ያህል እንደሆነ የገባኝ መስከረም ላይ ነው። የዘጌው መስመር በዚያ ወቅት ይደክማል፤ ምክንያቱም ከሐይቁ ጋር የተያያዘ ነው። የሬዲዮ ሞገድ በአየር ላይ በቀጥታ ከሚጓዘው ሌላ ከውኃው ገጽ ላይ ነጥሮ የሚደርስ ክፍል አለው፤ ሁለቱ ተቀባዩ አንቴና ላይ ሲገናኙ እንደ መንገዳቸው ርዝመት ልዩነት አንዳንዴ ይደጋገፋሉ፣ አንዳንዴ ደግሞ አንዱ ሌላውን ያዳክማል። የጣና ውኃ በሰኔ አካባቢ ዝቅ ብሎ፣ ክረምቱ ካለፈ በኋላ በመስከረም አካባቢ ከፍ ስለሚል፣ ያ ልዩነት ከወር ወር ይለዋወጣል። ኃላፊዬ የአንቴናውን ምሰሶ ለማስረዘም በጀት ከመጠየቃቸው በፊት ያለፉትን ሁለት ዓመታት የሲግናል ጥንካሬ ግራፍ እንዳሳያቸው ጠየቁኝ። ግራፉን ስከፍተው የሚጀምረው ከሐምሌ አጋማሽ ነበር። ሐይቁ ሁለት ጊዜ ሲሞላና ሁለት ጊዜ ሲጎድል የተመዘገበው ሁሉ ከተቃጠለው ሬዲዮ መዝገብ ጋር አብሮ ሄዷል።

የምንጠቀምበት ሶፍትዌር ሊብሬኤንኤምኤስ ይባላል፤ በ2013 እ.ኤ.አ. ኦብዘርቪየም ከሚባለው ተገንጥሎ የወጣ፣ ማንም በነፃ ሊጠቀምበት የሚችል ሶፍትዌር ነው። በነባሪ አቀማመጡ በየ5 ደቂቃው፣ ማለትም በቀን 288 ጊዜ፣ እያንዳንዱን መሣሪያ በኤስኤንኤምፒ፣ ማለትም የኔትወርክ መሣሪያዎች ስለ ሁኔታቸው በሚጠየቁበት የመግባቢያ ደንብ፣ ይጠይቃል፤ መልሱንም መሣሪያው በተመዘገበበት ስም ወይም አድራሻ በተሰየመ ማህደር ውስጥ ባሉ ፋይሎች ላይ ያኖራል። መረጃው እያረጀ ሲሄድ በአማካይ እየተጠቃለለ ቢያጥርም የዓመቱን መልክ ያሳያል። መሣሪያው ሲሰረዝ ግን በመረጃ ቋቱ ውስጥ ያለው መዝገብ ብቻ ሳይሆን ማህደሩም ይጠፋል። እኛ የመረጃ ቋቱን በየሌሊቱ ቅጂ እንይዝ ነበር፤ የግራፎቹ ፋይሎች ከመረጃ ቋቱ ውጭ እንደሚቀመጡ ግን ልብ አላልንም ነበርና የሚመለስ ቅጂ አልነበረንም። አዲሱ ሬዲዮ የአሮጌውን አድራሻ የያዘ ስለነበር መዝገቡን ሳልነካ ብተወው ኖሮ ሶፍትዌሩ በዚያው ማህደር ላይ መጻፉን በቀጠለ ነበር። አድራሻው ተቀይሮ ቢሆን እንኳ ሶፍትዌሩ የመሣሪያን ስም መቀየር ስለሚፈቅድ ማህደሩን ይዞ መሄድ ይቻል ነበር።

ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ያሰብኩበት ጥያቄ፣ መዝገቡ በትክክል የምን መዝገብ ነው የሚለው ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ያለው የሰው ኃይል አስተዳደር ይህን ጥያቄ ከመለሰው ቆይቷል። የሥራ መደብ አንድ ነገር ነው፣ በመደቡ ላይ የተቀመጠው ሠራተኛ ሌላ ነገር ነው፤ ሠራተኛው ሲለቅ መደቡ አይሰረዝም፣ ክፍት ሆኖ ሌላ ሰው ይጠብቃል፣ የለቀቀው ሠራተኛ የግል ማህደርም በመዝገብ ቤት ይቀመጣል። በኔትወርካችንም «የዘጌ ቅርንጫፍ ሬዲዮ» የሚለው መደብ ነው፤ መብረቅ ያቃጠለው ዕቃ በመደቡ ላይ ተቀምጦ የነበረ ነው። የሲግናሉ ታሪክ የመደቡ ነው፣ ምክንያቱም የሚነግረን ስለ ሐይቁ፣ ስለ ምሰሶው ከፍታና ስለ ርቀቱ ነው። ሲሪያል ቁጥሩ፣ የዋስትና ጊዜው እና የተገዛበት ዋጋ ግን የዕቃው ናቸው። እኔ የሠራሁት ስሕተት፣ ሠራተኛው ስለለቀቀ መደቡን መሰረዝ ነበር።

ይህን ያህል ካልኩ ተቃራኒውንም ስሕተት መናገር አለብኝ፤ ያም በሌላ ቅርንጫፍ ደርሶብናልና። መዝገቡን ሳይነኩ ዕቃውን ብቻ መቀየር ግራፉን ያድናል፣ የንብረት ክፍልን ግን ያስቸግራል። በሰኔ 30 የንብረት ቆጠራ ሲደረግ፣ ቆጣሪዎቹ በሞዴል 22፣ ማለትም በንብረት ወጪ ማድረጊያ ቅጽ፣ ወጪ የሆነውን ስዊች (የቢሮውን ኮምፒውተሮች በገመድ የሚያገናኘውን መሣሪያ) ሲሪያል ቁጥር ይዘው ይመጣሉ፤ ካቢኔቱ ውስጥ ያለው ስዊች ደግሞ ሌላ ቁጥር አለው። ሶፍትዌሩን ብንጠይቀው አሁን ያለውን ብቻ ይነግረናል። በርግጥ የሃርድዌሩ ዓይነት ወይም ሲሪያል ቁጥሩ ሲለወጥ ሊብሬኤንኤምኤስ በክስተት መዝገቡ ላይ አሮጌውንና አዲሱን ይጽፋል፤ ነገር ግን የክስተት መዝገቡ በነባሪ አቀማመጥ ከ30 ቀን በኋላ ስለሚጸዳ፣ ጥቅምት ላይ የተቀየረ ስዊች ታሪክ እስከ ሰኔ አይቆይም። ስለዚህ አሁን በእያንዳንዱ መሣሪያ የማስታወሻ ገጽ ላይ፣ ዕቃ በተቀየረ ቁጥር የወጣው ሲሪያል ቁጥር፣ የገባው ሲሪያል ቁጥር፣ የሞዴል 22 ቁጥር፣ ቀኑና የቀየረው ሰው ይጻፋል። የተቃጠለው ዕቃ ራሱ የት እንደደረሰ፣ ለጥገና ሄደ ወይስ በመወገድ ላይ ነው የሚለው ግን የንብረት ክፍል መዝገብ ሥራ ነው፤ ሁለቱን መዝገቦች አንድ ለማድረግ መሞከር ሁለቱንም እንደሚያበላሽ አይቻለሁ።

ዕቃ ሲቀየር የሚረሱ ትናንሽ ነገሮች አሉ። አዲስ ስዊች ከፋብሪካ ሲወጣ የራሱ ስም አለው፤ ባለሙያው ያንን ስም ሳይቀይር አንዱን ስዊች ከመዘገበ በኋላ ሁለተኛውን ሲመዘግብ ሶፍትዌሩ ይህ ስም ያለው መሣሪያ አስቀድሞ ተመዝግቧል ብሎ ይከለክላል፤ ያን ጊዜ አስገድዶ ከመመዝገብ ይልቅ ስሙን ማረም ይገባል። ፖርቶችም፣ ማለትም ገመዶቹ የሚሰኩባቸው ቀዳዳዎች፣ እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ሶፍትዌሩ በነባሪው አንድን ፖርት የሚያውቀው መሣሪያው በሚሰጠው ተራ ቁጥር ስለሆነ፣ አዲሱ ስዊች ቁጥሮቹን በሌላ ቅደም ተከተል ከሰጠ የፖርቶቹ ግራፍ ይቋረጣል ወይም ከሌላ ፖርት ጋር ይቀላቀላል፤ እኛ መለያውን ከተራ ቁጥሩ ወደ ፖርቱ ስም ቀይረነዋል። የቦታ መግለጫውም ከመሣሪያው ስለሚነበብ፣ አዲሱ ዕቃ ባዶ ይዞ ከመጣ ቅርንጫፉ ከካርታው ላይ ይጠፋል።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ግን ጊዜ የወሰደብን፣ በውጭ አገር በተጻፉ መመሪያዎች ውስጥ ያላገኘሁት፣ የራሳችን ፊደልና የራሳችን አቆጣጠር ጉዳይ ነው።

ማስታወሻዎቹን በአማርኛ እንጽፋለን፤ ምሰሶ ላይ ወጥቶ የሚሠራ ባለሙያ ያየውን በራሱ ቋንቋ ሲጽፍ የበለጠ ስለሚያብራራ ይህን መተው አልፈልግም። ነገር ግን «ሕንፃ» የሚለውን ቃል ውሰዱ። አንዱ በሐመሩ ሐ፣ ሌላው በሃሌታው ሀ፣ ሌላው በብዙኃኑ ኀ ይጽፈዋል፤ መጨረሻውን ደግሞ አንዱ በጸሎቱ ጸ፣ አንዱ በፀሐዩ ፀ ያደርገዋል። ለአንባቢ ሁሉም አንድ ቃል ነው፤ ለኮምፒውተር ግን እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ስላለው ስድስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። በአንድ ሕንፃ ውስጥ ያሉትን ስዊቾች ፈልጌ ግማሾቹን ብቻ ያገኘሁበት ቀን ነበር፤ የቀሩት በሌላው ፊደል የተጻፉ ነበሩ። የከተማችንም ስም ከዚሁ ችግር አያመልጥም። የመሣሪያ ስም የላቲን ፊደል፣ ቁጥርና ሰረዝ ብቻ ስለሚቀበል ስሙን በላቲን መጻፍ ግድ ይላል፤ በዚያም ላይ አንዱ ሳድሱን «ሕ» በአናባቢ ይጽፈዋል፣ ሌላው ያለ አናባቢ ያልፈዋል፣ አንዱ ሁለቱን ቃላት ያያይዛል፣ ሌላው በሰረዝ ይለያቸዋል። በመጨረሻ ለእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ሦስት የላቲን ፊደላት፣ ለእያንዳንዱ ሕንፃ ሁለት አኃዝ ሰጥተን፣ ዝርዝሩን አትመን በየካቢኔቱ በር ላይ ለጠፍነው። በአማርኛው ማስታወሻ ማንም እንደፈለገ ይጻፍ፣ ፍለጋው የሚደረገው በኮዱ ነው።

የቀኑ ነገር ይበልጥ አሳሳቢ ነው። በአንድ ስዊች መዝገብ ላይ የተተከለበት ቀን «05/04/2014» ተብሎ ተጽፎ አገኘሁ። በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 5 ቀን 2014 ነው፣ ይህም በፈረንጆቹ ዲሴምበር 14 ቀን 2021 ይሆናል። በፈረንጆቹ አቆጣጠር የጻፈው ከሆነ ግን ኤፕሪል 5 ወይም ሜይ 4 ቀን 2014 ነው። በሁለቱ ንባቦች መካከል ከ7 ዓመት በላይ ልዩነት አለ፤ ያ ስዊች ዕድሜያቸው ገፍቷል ተብለው እንዲተኩ ከታሰቡት መሣሪያዎች ዝርዝር ውስጥ የገባው በዚሁ ምክንያት ነበር፣ የተከለው ባለሙያ አይቶ ባያስታውሰን ኖሮ ገና ደኅና የሆነ ዕቃ ተነቅሎ ይሄድ ነበር። የንብረት መረጃ የምንይዝበት ቅጽ የፈረንጆቹን ቀን ብቻ ስለሚያውቅ ጳጉሜን አይቀበልም፣ 13ኛ ወር የለውምና፤ ጥቅምት 30ንም «30/02» ተብሎ ሲጻፍ አይቀበልም፣ ፌብሩዋሪ 30 ስለሌለ። እነዚህ ሲከለከሉ ባለሙያው ስሕተቱን ያያል። የሚያስፈራኝ ቅጹ ያለ ምንም ጥያቄ የሚቀበላቸው የቀሩት አብዛኞቹ የዓመቱ ቀናት ናቸው። አሁን ቀን የሚጻፈው በፈረንጆቹ ሲሆን ዓመቱ ይቀድማል፣ ቀጥሎ ወሩ፣ ቀጥሎ ቀኑ፤ በማስታወሻው ላይ ደግሞ የኢትዮጵያው ቀን ከነወሩ ስም በፊደል ይጻፋል፣ «ታኅሣሥ» የሚል ቃል ከማንም ዲሴምበር ጋር ስለማይምታታ። ሰዓትም እንዲሁ ነው፤ «8፡20 ላይ ተቋረጠ» የሚል ማስታወሻ ከሌሊቱ ነው ወይስ ከቀኑ፣ በእኛ ነው ወይስ በሶፍትዌሩ ሰዓት የሚለውን ሳያሟላ ለምንም አይጠቅምም።

መሣሪያ ሲቋረጥ ሶፍትዌሩ ስለሚልካቸው ማንቂያ መልእክቶች ሌላ ጊዜ በሰፊው መጻፍ ይኖርብኛል። ለዚህ ጉዳይ ግን፣ ሊሰርዙ እጃቸው የተዘረጋ ባልደረቦች ሁለት ሌሎች አማራጮች እንዳሉ እንዲያውቁ እፈልጋለሁ። አንደኛው መሣሪያውን ከጥያቄ ማገድ ነው፤ ሶፍትዌሩ መጠየቁን ያቆማል፣ የተሰበሰበው ግን ይቆያል፤ የቁንዝላ ቢሮ ለእድሳት በተዘጋ ጊዜ ያደረግነው ይህንን ነው። ሁለተኛው መጠየቁን ሳያቆም ማንቂያውን ብቻ ዝም ማሰኘት ነው፤ መብራት በፈረቃ በሚጠፋበት ሰሞን ይህ ይበልጥ ይረዳል፣ መቼ እንደጠፋና መቼ እንደመጣ ግራፉ ስለሚይዘው።

በየካቲት የጎርጎራው ሬዲዮ ተበላሽቶ ሲቀየር መዝገቡን አልሰረዝንም። በግራፉ ላይ የአንድ ቀን ተኩል ክፍተት ይታያል፣ ከክፍተቱ በኋላ መስመሩ ከበፊቱ ጥቂት ከፍ ብሎ ይቀጥላል፤ ማስታወሻው ላይ አዲሱ ሬዲዮ ከአሮጌው የተሻለ የመቀበል አቅም እንዳለው ባልደረባዬ ጽፎበታል። የዘጌው ግን ገና አሥር ወር አልሞላውም። አሁን ግንቦት ላይ ነን፣ ውኃው እየሸሸ ነው፣ ሲግናሉም ደኅና ነው። ከባለፈው መስከረም ጋር የማስተያየው ሌላ መስከረም እስኪደርስ ድረስ ምሰሶው ስንት ሜትር ይጨመርለት ለሚለው ጥያቄ በቁጥር የተደገፈ መልስ የለኝም፤ የበጀት ጥያቄውም ኃላፊዬ ጠረጴዛ ላይ እስከዚያ ድረስ ይቆያል።