ላይኛውና ታችኛው

ስለ አባይ ሲወራ እኔም እንደ ማንኛውም ሰው ደሜ ይፈላል። እ.ኤ.አ. በ1959 ግብፅና ሱዳን ቁጭ ብለው ወንዙን ተካፈሉ፤ በዓመት ለግብፅ 55.5፣ ለሱዳን 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ። 10 ቢሊዮን ደግሞ አስዋን ላይ በትነት ለሚጠፋው ተያዘ። አስቡት እንግዲህ፣ ለፀሐይ ድርሻ ሲመደብላት አብዛኛውን ውሃ ለምትሰጠው አገር ጠብታ አልተጻፈላትም። ይህን ታክሲ ውስጥ አንስቶ የሚሸነፍ ኢትዮጵያዊ እስካሁን አላየሁም።

ከአቃቂ አለፍ ብሎ ከአጎቴ ጋር ጎመንና ቆስጣ ማልማት ከጀመርኩ ወዲህ ግን ነገሩ ትንሽ ተወሳሰበብኝ። እዚህ እኔ ታችኛው ነኝ።

መሬታችን ያለችው በአንዲት ትንሽ ገባር ወንዝ ዳር ነው። ስሟን አልጽፍም፣ ሰፈሩ ትንሽ ነው፣ ሰዉም ይተዋወቃል። ክረምት ላይ ማንም ከማንም ጋር ጠብ የለውም፣ ውሃው ሞልቶ መሬት ይቆርሳል። ጭቅጭቁ የሚመጣው ከጥር በኋላ ነው። የካቲት ላይ ወንዟን በሁለት እርምጃ ትሻገራታለህ። ላይኞቹ በማዳበሪያ ከረጢት አሸዋ ሞልተው ይደረድሩና ውሃውን ጠልፈው ወደ ቦያቸው ያስገቡታል። ለእኛ የሚተርፈው በድንጋይ መሃል የሚሹለከለክ ነገር ነው። የሞተሩ ቱቦ ጫፍ ላይ ያለው ወንፊት ግማሹ ከውሃ በላይ ይቀራል። ሞተሩ አየር ይስባል፣ ያንኮራፋል፣ ይጠፋል። ታስነሳዋለህ፣ ደግሞ ይጠፋል። ቤንዚኑን ተዉት።

አጎቴ በመጨረሻ አልቻለም፣ ወደ ላይኛው ማሳ ወጣ። እኔም ተከተልኩት። ባለማሳው በዕድሜ ይበልጡታል።

«ጋሼ፣ ኧረ ለእኛም ትንሽ ይልቀቁልን፣ ቆስጣው እኮ ጠወለገ።»

«እኔ መች ከለከልኩ ልጄ? ለመደቤ የሚበቃኝን ብቻ ነው የምወስደው። ማታ ማታ ደግሞ እለቀዋለሁ።»

«እኛ እኮ እርስዎ ከመምጣትዎ በፊት ነው እዚህ ስናለማ የኖርነው!»

እዚህ ላይ ጆሮዬ ቆመ። የአጎቴ ንግግር የካይሮ ንግግር ነው፣ ታሪካዊ መብት ማለት ይኸው ነው። ሽማግሌው ያሉትም እኛ ስለ ሕዳሴ ግድብ ስንል የኖርነው ነው፦ ማንንም አንጎዳም፣ የሚገባንን ነው የምንጠቀመው። አንዳቸውም አልዋሹም። ግብፅ ልክ ናት እያልኩ እንዳይመስላችሁ፣ እኛ ያልፈረምነው ውል እኛን አያስረንም፣ እዚህ ላይ አልደራደርም። ግን የክርክሩ ቃላት ከሰው ይልቅ የሚቆሙበትን ቦታ ይከተላሉ፤ አጎቴን ወስዳችሁ ላይኛው ማሳ ላይ ብታስቀምጡት በሳምንቱ የሽማግሌውን ንግግር ይደግመው ነበር።

ሌላም ነገር ታየኝ። የዓመት ድምር ማንንም አያጣላም። የእኛም ወንዝ በዓመት ቢለካ ለሁላችንም ይተርፋል፣ ግን ነሐሴ ላይ የወረደው ውሃ መጋቢት ላይ ምን ይሠራልኛል? አባይም እንዲሁ ነው፤ ወንዙ ከሚያመጣው ውሃ አብዛኛው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት የሚወርድ ነው። ድርድሩን ዓመታት ያጓተተውም ዝናብ በደህና ሲጥል ያለው ሁኔታ አልነበረም። ድርቅ ዓመት በዓመት ሲከታተል ከግድቡ ምን ያህል ይለቀቅ የሚለው ነው። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ፣ ያቺ ጥያቄ ግን በፊርማ አልተዘጋችም።

ወደ አገር ውስጥ ስንመጣ ደግሞ ላይኛው አዲስ አበባ ነው። እንጦጦ ላይ የሚዘንበው ዝናብ ለሁለት ይከፈላል። በሰሜን በኩል የወረደው በሙገር አድርጎ አባይ ይገባል፣ በደቡብ የወረደው ወደ አቃቂ፣ ከዚያ አባ ሳሙኤል ግድብ፣ ከዚያ አዋሽ። ከተማዋ የምትጠጣቸው የለገዳዲ፣ የድሬና የገፈርሳ ግድቦች ያሉት ኦሮሚያ ውስጥ ነው። ከእንጦጦ ጀርባ ያሉትን ገርቢንና ሲቢሉን ገድቦ ውሃ ማምጣትም የቆየ ዕቅድ ነው፤ ይህ ማለት ከአባይ ተፋሰስ ጠልፎ ወደ አዋሽ ተፋሰስ ማሻገር ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 49 የኦሮሚያን ልዩ ጥቅም ሲያነሳ የተፈጥሮ ሀብት አጠቃቀምን በስም ይጠቅሳል፣ ዝርዝሩን ግን በሕግ ይወሰናል ብሎ ያልፋል። የተጣላነው ሁሉ እዚያ ዝርዝር ውስጥ ነው ያለው።

አዋሽ ደግሞ ከጊንጪ አካባቢ ተነስቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዝና ባህር ሳያይ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1960 ቆቃ ተገደበ። በመንገዱ ወንጂና መተሐራ ሸንኮራ፣ ወደ ታች ጥጥ ተተከለበት። እ.ኤ.አ. በ1962 የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ፣ ለአፋርና ለከረዩ አርብቶ አደሮች ግን በበጋ ከብት የሚያሳርፉበት የወንዝ ዳር ሣር እየጠበበ ሄደ። እነሱም ከእናንተ በፊት ነበርን ብለው ነበር። አጎቴን እንኳ ቆም ብለው ሰምተውታል፣ እነሱን ማን ሰማቸው? በዚህ ላይ ከተማዋ የፋብሪካውንም የሽንት ቤቱንም ፍሳሽ በአቃቂ በኩል ትልክላቸዋለች። (ጎመኔን አጥባችሁ ብሉ።)

ወደ እኛ ወንዝ ልመለስ። ሕጉ፣ አዋጅ 197/1992፣ በባህላዊ መንገድ መስኖ ለሚያለማ ሰው ፈቃድ አያስፈልገውም ይላል። ደስ ይላል፣ ግን ቻይና ሠራሽ ሞተር ያሰረ ገበሬ ባህላዊ ነው ወይስ ምንድነው? ወረዳ ሄደን ጠየቅን፣ ተስማሙ አሉን። ተስማማን። በሽማግሌ ተራ ወጣ፣ ለእያንዳንዱ ሰው እኩል ሰዓት። ሁሉም አጨበጨበ።

ተራው ተከብሮ እንኳ ታችኞቹ አልደረሰንም። ነገሩ የገባን አንድ ልጅ ሞተሮቹን አይቶ ሲስቅ ነው። የእኛ ሁለት ኢንች ነው፣ የላይኞቹ ሦስት ኢንች። ሦስት ኢንቹ በአንድ ሰዓት የሚስበው ከእኛ እጥፍ ገደማ ነው። እኩል ሰዓት ተካፍለን ውሃውን እነሱ ወሰዱት ማለት ነው፣ ያውም በሽማግሌ ፊት፣ ያውም በምርቃት።

አሁን የምንጠይቀው ሰዓቱ በኢንች እንዲሰላ ነው። ሦስት ኢንች ያለው ግማሽ ሰዓት፣ ሁለት ኢንች ያለው አንድ ሰዓት። ደግሞ ማታ የሚለቀቀው ውሃ በተራው ይቆጠር፣ ምክንያቱም ሌሊት በባትሪ መብራት ቱቦ ይዞ የሚያድረው አጎቴ ነው። ስብሰባው ቅዳሜ ነው። ጋሼ እሺ ብለዋል። ልጃቸው ግን ባለፈው ወር አዲስ ባለ አራት ኢንች ገዝቷል አሉ።