የግድግዳችን ካርታ ደቡብ ሱዳን የላትም

ጂኦግራፊ የማስተምርበት ክፍል ውስጥ የተሰቀለው የአፍሪካ ካርታ ሱዳንን እስካሁን አንድ አገር አድርጎ ነው የሚያሳየው። ደቡብ ሱዳን ነጻ የወጣችው ሐምሌ 2003 ዓ.ም. ነው። የኢትዮጵያውም ካርታ ያው ነው። ሲዳማ በ2012 ክልል ሆኗል፣ ከዚያ በኋላም ደቡብ ክልል የምንለው ተከፋፍሏል፣ ልጆቹ ግን ቀና ሲሉ የሚያዩት የድሮውን ነው። ይሄ ያናድደኛል።

አዲስ ካርታ እስኪገዛ መጠበቅ ትቻለሁ። በነጻ የሚገኘው ብዙ ነው።

ከሁሉም የምወደው ጉግል ኧርዝን ነው። ታይምላፕስ የሚባለው ክፍሉ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ የተነሱ የሳተላይት ምስሎችን እንደ ፊልም ያጫውታል። የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችን ሳስተምር አብያታን ከፈትኩላቸው። ውሃው ከዓመት ዓመት ወደ ውስጥ ሲሸሽ፣ ዳርቻው ሲገለጥ አዩ። ቀጥዬ መተሐራ አጠገብ ያለውን በሰቃን አሳየኋቸው፤ እሱ ደግሞ እየሰፋ ዙሪያውን ያለውን መሬት ሲውጥ። "ቲቸር፣ ሁለቱም ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ሆነው አንዱ የሚደርቀው፣ አንዱ የሚሞላው ለምንድነው?" አለች ከኋላ የተቀመጠች ልጅ። ከዚያ በኋላ እኔ ብዙ መናገር አላስፈለገኝም። ስለ መስኖ፣ አብያታ አጠገብ ስላለው የሶዳ አሽ ፋብሪካ፣ ስለ ከርሰ ምድር ውሃ ሲከራከሩ ደወል ተደወለ፣ በማግስቱም ከዚያው ቀጠልን።

ክፍል ውስጥ ኔትወርክ አይታመንም። ማታ ቤቴ ሆኜ ስክሪኑን እቀርጽና በፍላሽ ይዤ እሄዳለሁ። መብራት ከጠፋ አምስት አምስት እየሆኑ በስልኬ ያያሉ።

ሁለተኛው ኦፕን ስትሪት ማፕ የሚባለው የኢንተርኔት ካርታ ነው። ማንም ገብቶ የሚያውቀውን ቦታ መጨመር ይችላል። ልጆቹን ሰፈራችሁን ፈልጉ ስላቸው መንገዱን አገኙት፣ የወንዙ ስም ግን አልነበረም። ስሙን ራሳቸው አስገቡ። ካርታውን አትሞ ለማደል ክፍያ የለውም፣ የምንጩን ስም ግርጌ ላይ መጻፍ ብቻ ነው። ይኸው ዳታ ኦርጋኒክ ማፕስ በሚባል የስልክ አፕ ስላለ ኢትዮጵያን አንዴ ካወረዳችሁ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

ለፈተናና ለቤት ሥራ ባዶ ካርታ ከፈለጋችሁ፣ ናቹራል ኧርዝ ከሚባል ድረ ገጽ ላይ የዓለምን ድንበር፣ ወንዝና ሐይቅ በነጻ አውርዳችሁ፣ ኪውጂአይኤስ በሚባል እሱም ነጻ በሆነ ሶፍትዌር ስሞቹን ሳታስገቡ ማተም ትችላላችሁ። መጀመሪያ ያስቸግራል፤ እኔ ሁለት ቅዳሜ ፈጅቶብኛል። አንዴ ከተሠራ ግን የሚቀረው ፎቶኮፒ ነው። ከማተማችሁ በፊት ድንበሮቹን በደንብ እዩ፣ አከራካሪ ቦታዎችን ሁሉም ካርታ አንድ ዓይነት አድርጎ አይስላቸውም።

እኔ የሠራሁት ባዶ የኢትዮጵያ ካርታ አለ። የፈለገ መምህር ይጻፍልኝ፣ በቴሌግራም እልክለታለሁ።