ቤታችን 25 ዓመት ሞላው፣ እኔም ሰዎቹን ጠየቅኩ

ሰሞኑን ጠፍቼባችሁ ነበር፣ ምክንያቱ ግን ደስ የሚል ነው። የምሰራበት ምግብ ቤት ዘንድሮ 25 ዓመት ሞላው። በ1992 ዓ.ም ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ አካባቢ በስድስት ጠረጴዛ የተከፈተ ቤት ነው፣ ዛሬ ዋናው ቤታችን አራት ኪሎ ነው ያለው፣ ቦሌም አንድ ቅርንጫፍ አለን። እኔ ከ2001 ጀምሮ ካሸር ነኝ። እና ጋሼ (ባለቤቱን ሁላችንም እንደዛ ነው የምንላቸው) ለበዓሉ የምትሆን ትንሽ መፅሄት ትታተም አሉና "አንቺ መፃፍ ትወጂያለሽ፣ የቤቱን ታሪክ ፃፊልኝ" ብለው ለኔ ሰጡኝ።

ቁጭ ብዬ ጀመርኩት፣ ፈቃድ የወጣበት ዓመት፣ ቅርንጫፍ የተከፈተበት ዓመት፣ የሠራተኛ ብዛት ምናምን፣ በሦስት መስመር አለቀ። ታሪክማ ይሄ ሊሆን አይችልም አልኩና ደብተር ይዤ ሰዎቹን መጠየቅ ጀመርኩ፣ ከምሳ በኋላ ከ9 እስከ 11 ሰዓት ቤቱ ቀዝቀዝ ይላል፣ በዛች ሰዓት አንድ አንዱን ወጥ ቤት በር ላይ ይዤ "ከዚህ ቤት ምንድነው የምታስታውሰው" እያልኩ። አንድም ሰው ስላስተናገድነው ሰርግ ወይ ስለመጣ ትልቅ እንግዳ አልነገረኝም። ሁሉም የነገረኝ ሌላ ሠራተኛ እንዴት እንደደረሰለት ነው። ስማችንን አትፃፊ ስላሉኝ አልፅፍም።

መጀመሪያ የጠየቅኩት እማማን ነው። እማማ ቤቱ ከተከፈተ ቀን ጀምሮ ሳህን አጣቢ ናቸው፣ ዘንድሮ 60 ሞልቷቸው ጡረታ ወጡ። የግል ድርጅት ሠራተኛ ጡረታ አዋጅ በ2003 ሲወጣ አስታውሳለሁ፣ ከደሞዛችን ሊቆረጥ ነው ሲባል ቤቱ ተንጫጫ፣ እሳቸው ደሞ ከሁሉም በላይ ተቆጡ፣ "እኔ እስከዛ መኖሬን ማን አየ፣ ልጆቼን ዛሬ ላብላበት" አሉ። ያኔ ዋና ሼፏ ናት አጠገባቸው ተቀምጣ ቀስ ብላ ያስረዳቻቸው፣ አሁን ከኛ 5 ከመቶ ይቆረጣል ቤቱ ደሞ 7 ከመቶ ይጨምርበታል፣ ይሄ የናንተው ገንዘብ ነው የሚጠፋ አይደለም እያለች። እማማ ዛሬም የሚያነሱት ይሄንኑ ነው። "ልጄ፣ ያቺ ልጅ ባትመክረኝ ዛሬ በምን እጄን እዘረጋ ነበር" አሉኝ።

እጃቸውን ስላነሱ አንድ ነገር ልጨምር። ባለፈው ለፋይዳ መታወቂያ አሻራ ሊሰጡ አብሬያቸው ሄጄ ነበር። የቀኝ አውራ ጣታቸውን ማሽኑ ላይ ያደርጋሉ፣ አይነበብም። ይጠርጉታል፣ እንደገና፣ አይነበብም። ሌላ ጣት፣ አይነበብም። መዝጋቢው ልጅ ትዕግስተኛ ነበር፣ "እማማ በደንብ ይጫኑት" እያለ አስሬ ሞከረ፣ በኋላ እጃቸውን ገልብጦ ሲያየው ዝም አለ። የጣታቸው ጫፍ ለስልሶ እንደ ሳሙና ሆኗል፣ መስመር የለውም። 25 ዓመት ሙሉ በሙቅ ውሃና በኦሞ የታጠበ እጅ ነው። ዞር ብዬ አለቀስኩ። ደግነቱ ፋይዳ የአይንም አሻራ ይወስዳልና ተመዘገቡ፣ እሳቸው እንኳን ምንም አልመሰላቸውም፣ ሲወጡ "በል አንተ ልጅ እግዜር ይስጥህ፣ መጥተህ ምሳ ብላ" ብለውት ሄዱ።

ከዛ እትዬ። እንጀራ ጋጋሪያችን ናት። በመጋቢት 2016 ፒያሳ ሲፈርስ የኛም ቤት የሚነሳው ውስጥ ገባ፣ ዓቢይ ጾም ነበር፣ ማለት በዓመት ውስጥ በየአይነቱ በብዛት የሚወጣበት ሰዓት። የምንገባበት ቤት አራት ኪሎ ተገኘ፣ አይሱዙ መጣ፣ ወንበሩም ጠረጴዛውም ፍሪጁም ተጫነ፣ አራቱ ምጣዶች ሊጫኑ ሲሉ እትዬ አንዱን "ይሄን አትነኩትም" አለች። ጋቢዋን አወለቀች፣ ሸክላውን ጠቀለለችው፣ ጋቢና ገብታ ጭኗ ላይ አድርጋ አቀፈችው። ሹፌሩ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

"ሰው ስለ እርሾው ነው የጠየቀኝ፣ እርሾማ ከጎረቤት ይገኛል፣ ምጣድ ግን ማሟሸት አለ" አለችኝ። ይሄን የማታውቁ ልጆች ካላችሁ፣ አዲስ ምጣድ ዝም ብሎ አይጋገርበትም፣ ይጋልና የተወቀጠ ጎመን ዘር እየተነሰነሰ በጨርቅ ይታሻል፣ ይታሻል፣ ይታሻል፣ ጭሱ አይን ያጠፋል፣ ጥቁርና ልስልስ እስኪል ድረስ። ያም ሆኖ የመጀመሪያዎቹ እንጀራዎች ይያዛሉ፣ ተፍቀው ይጣላሉ። ከዛ በየቀኑ ማሰሻ እየነካው፣ ሊጥ እየፈሰሰበት ነው እየተለመደ የሚሄደው። የእትዬ ምጣድ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። እሱን ያሟሸችላት ደሞ አብራት ትጋግር የነበረች ጓደኛዋ ናት፣ እትዬ አራስ በነበረችበት ጊዜ፣ ስትመለስ ተዘጋጅቶ ይጠብቃት ብላ። ጓደኛዋ ከዛ በኋላ አረብ አገር ሄደች። እትዬ ታድያ ጋቢና ውስጥ ያቀፈችው ምን እንደሆነ አሁን ገባኝ። ሦስቱ ምጣዶች ከኋላ ተጫኑ፣ ሁለቱ ተሰንጥቀው ደረሱ። በማግስቱ አራት ኪሎ መብራት እንደገባ መጀመሪያ የተጋገረው በእትዬ ምጣድ ነው፣ አይኑ ሙሉ፣ ጠርዙ እንኳን ያልተቀደደ እንጀራ አወጣች፣ ሁላችንም ቆመን እየቆረስን ባዶውን በላነው።

ዕቃ ገዢያችን አጭር ሰው ነው፣ ንግግሩም አጭር ነው፣ ግን አትክልት ተራን ካነሳችሁበት አያቆምም። ድሮ አትክልት ተራ እዛው ፒያሳ ስር ስለነበር ቲማቲም ቢያልቅ በእግሩ ወርዶ በሩብ ሰዓት ይመለስ ነበር። በ2012 በኮሮና ምክንያት ገበያው ጃንሜዳ ሄደ፣ ክረምቱ ሲገባ ጭቃው እስከ ጉልበት፣ ከዛ ደሞ ከ2013 ጥምቀት በፊት ወደ ኃይሌ ጋርመንት። አሁን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው ከቤቱ የሚወጣው። የሚያስታውሰው ምን መሰላችሁ፣ በዛ ክረምት አንድ ቀን ጃንሜዳ ጭቃ ውስጥ ሁለት ኩንታል ሽንኩርት ይዞ ተቀርቅሮ ደውሎ፣ ጥበቃችን የሌሊት ሺፍቱን ጨርሶ ወደቤቱ መሄድ ሲገባው በቦት ጫማ መጥቶ አብሮት የተሸከመውን። "እንቅልፍ ሳይተኛ እኮ ነው" ይላል። ሦስቴ ነው የደጋገመልኝ።

ኮሮናን ካነሳሁ ዕቁቡን ሳልፅፍ አላልፍም። የመጀመሪያው ሰው ተያዘ የተባለው መጋቢት 4 ቀን 2012 አርብ ነበር፣ ያም በዓቢይ ጾም ውስጥ ነው። የዛን ቀን ምሳ ሰዓት ቤታችን ጢም ብሎ ነበር፣ ሰው ቆሞ ነው ወንበር የሚጠብቀው። ከዛ በኋላ ባሉት ሳምንታት ግን ባዶ ወንበር እያየን ተቀመጥን። ጋሼ ሰበሰቡንና ማንንም አላባርርም ግን በፈረቃ ግቡ፣ የምከፍላችሁ ግማሽ ነው አሉ፣ ከዛ በላይ አቅም እንዳልነበራቸው ካሸር ስለሆንኩ አውቃለሁ፣ ሂሳቡ በኔ እጅ ነው የሚያልፈው።

ያኔ 22 ሆነን በሳምንት 200 ብር የምንጥለው ዕቁብ ነበረን። ዳኛው አስተናጋጅ ነው፣ ከኔ በፊት የገባ። ሁሉም ሰው ዕቁቡ ሊፈርስ ነው ብሎ ፈርቷል፣ በተለይ ያልደረሳቸው፣ ቀድመው የበሉት ቢያቋርጡ ምን ይባላል። ዳኛው ቅዳሜ ሰበሰበንና ሁለት ነገር ነው የተናገረው። "የበላ ሰው ቢያንስ ግማሹን ይጥላል። ደሞ ከዛሬ ጀምሮ ዕጣ አይወጣም፣ የቤት ኪራይ የደረሰበት ይቅደም።" በቃ። ማንም አልተከራከረም። እኔ በዛን ጊዜ የበላሁ ነበርኩ፣ በየሳምንቱ እየቆጠርኩ እንደጣልኳት መቶ ብር ደስ ብሎኝ የሰጠሁት ገንዘብ የለም። ማኪያቶ የሚሰራው ልጅ ያኔ ገና አዲስ ነበር፣ ሻንጣውን ይዞ ወደ ሀገሩ ሊመለስ ነበር፣ በዛች ዕቁብ ሦስት ወር ኪራይ ከፍሎ ቆየ። ዛሬ ማሽኑ ላይ ከሱ የሚሻል የለንም፣ ቦሌ ያሉትን ልጆች ያሰለጠናቸውም እሱ ነው። "የኔ ትዝታ ዳኛው ነው" አለኝ፣ ሌላ አልጨመረም።

ዳኛውን ራሱን ስጠይቀው ግን ስለ ዕቁቡ ትዝ አላለውም! እሱ የሚያወራው ስለ ጾም አርብ ነው፣ 6 ሰዓት ሲሆን ወጥ ቤት መስኮቱ ጋ እንጀራው ተዘርግቶ፣ ዋና ሼፏ ሽሮውን መሀል ላይ አድርጋ ምስሩን፣ ክኩን፣ ጎመኑን፣ ቀይ ስሩን፣ ፎሶሊያውን ዙሪያውን ስትደረድር እጇ እንደማይታይ፣ እሱ ሦስት ትሪ በአንዴ ይዞ ሲወጣ እሷ ከኋላው "ሱፍ ፍትፍቱን ረሳህ!" ብላ እንደምትጠራው። 19 ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳን ተሳስታ አታውቅም አለ። እዚህ ላይ የራሴን ልበል፣ ቴሌብር ከመጣ ከ2013 ወዲህ ሂሳብ በስልክ መከፈሉ ለኛ ለካሸሮች ትልቅ እፎይታ ነው፣ ግን የአስተናጋጅ ጉርሻ እየተረሳ ነው። እባካችሁ አትርሱ፣ እዛ ትሪ ስር ያለው ክንድ ማታ ሲያብጥ አይቼዋለሁ።

በዓሉ ሰኞ ነበር፣ ቤቱን ዘግተን። ቄጠማ ተጎዘጎዘ፣ ድፎ ዳቦ ተደፋ፣ ቡናው ተፈላ። ጋሼና ባለቤታቸው ራሳቸው ናቸው ያስተናገዱን፣ እኛ ቁጭ ብለን። ዳቦውን እማማ ባርከው ቆረሱ፣ ረጅም ምርቃት መረቁን፣ አሜን ስንል ጣሪያው ተሰማው። ምሳው አጋማሽ ላይ ዞር ስል እማማ ወንበራቸው ላይ የሉም። ወጥ ቤት ሄጄ ሳይ ነጠላቸውን አስረው ሳህን እያጠቡ ነው፣ እትዬ ደሞ አጠገባቸው ቆማ እያለቀለቀች። ቁጭ በሉ ብዬ ብለምን "አንቺ ሂጂ ብዪ፣ እኛ እዚህ ነው የምንጫወተው" አሉኝ። እኔም ጨርቅ አንስቼ ማድረቅ ጀመርኩ።

መፅሄቷ ልትታተም ነው፣ አሁን የጎደለኝ አንድ ነገር ነው። የድሮው ቤት ፎቶ ስፈልግ ያገኘሁት ሁሉ አዳራሹ ነው፣ የእንግዶች ልደት፣ ምርቃት፣ ቀለበት። የፒያሳውን ወጥ ቤት የሚያሳይ አንድም ፎቶ የለንም፣ ቤቱም ፈርሷል። ከ1992 እስከ 2016 እዛ ከበላችሁት መሀል ማን ያውቃል፣ በመስኮቱ በኩል ሳታስቡት ያነሳችሁት ካለ፣ እትዬ ምጣድ ላይ ጎንበስ ያለችበት ወይ እማማ ገንዳው ጋ የቆሙበት፣ እባካችሁ ይዛችሁልኝ ኑ፣ አራት ኪሎ ባንኮኒው ጋ ነኝ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ።